ጋሽ ቢምረው ያቃኑት ጎማ

ስልኩ ሲጠራ ዳንግላ፣ ከምሠራበት ጋራዥ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ነበር። እጄ በግሪስ ስለተለወሰ ስልኩን በክርኔ ነክቼ ከፈትሁት። እናኑ ነበረች፤ የጋሽ ቢምረው ልጅ። «አዲሱ፣ አባዬ ዐረፈ» አለች። መቼ አልኋት። ዛሬ ጧት አለችኝ። ከዚያ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የምትለውን አልሰማሁም፤ ለነገሩ ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገርም አልነበረም። ስልኩን ገፋ አድርጌ የጀመርሁትን ብሎን አጠበቅሁ። ቀጥሎ ያለውንም አጠበቅሁ። ባለመኪናው ከውጭ ሆኖ አለቀ ወይ ሲለኝ ትንሽ ነው የቀረው አልሁት። መኪናውን ጨርሼ አስወጣሁ፤ እጄን በሳሙናና በሰጋቱራ ፈትጌ ታጠብሁ፤ ምሳዬን በላሁ። ሽሮ ነበር።

ይህን የምጽፈው ጨካኝ መስዬ ለመታየት አይደለም። እንዲያውም እንባዬ ቅርብ ነው፤ የሩቅ ዘመድ ሲሞት እንኳ ዓይኔ አይደርቅም። በጋሽ ቢምረው ሞት ግን ምንም አልተሰማኝም። እጅ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ እንደሚደነዝዘው ደንዝዤ ነበር። የደነዘዝሁትም ያን ቀን አይደለም፤ ዓመት ሊሞላው ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር መጀመሪያ እሳቸው ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

ጋሽ ቢምረው እንጅባራ ውስጥ የመኪና ጎማ የሚያቃኑ ሰው ነበሩ። የመኪና ጎማ ቀጥ ብሎ የቆመ ለሚመስለው ሰው ይህ ሥራ ምን እንደሆነ አይገባውም። ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከላይ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ደግሞ እንደ ሰው እግር ከፊታቸው ወይ ጠበብ ወይ ከፈት ይላሉ። ልኩ ሲዛባ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ጎማው ባንድ ጎኑ ይበላል፣ ሾፌሩን ክንዱን ያመዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቀውም። ጋሼ ያውቁታል።

መሥሪያቸው ከመናኸሪያው ወደ ላይ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ ሥር ያለች፣ እንደ አውድማ የተጠቀጠቀች ትንሽ ሜዳ ነበረች። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ትሪ ላይ ውኃ አድርገው ከቦታ ቦታ እያስቀመጡ፣ ውኃው ወዳጋደለበት መሬቱን እየሞሉ መልሰው ይደለድሏታል። ዕቃቸው ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ጠመኔና አንዲት የቀርቀሃ ዘንግ ነበረች። ቀርቀሃዋን ከጓሯቸው ቆርጠው ዓመት ሙሉ ጭስ ላይ ሰቅለው ያደረቋት ናት። በዘንጓ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ርቀት መጀመሪያ ከፊት በኩል፣ ቀጥሎ ከኋላ በኩል ይለካሉ፤ ልዩነቱን የሚናገሩት ግን በክብሪት እንጨት ውፍረት ነው። «አንድ ክብሪት ተከፍቷል»፣ «ግማሽ ክብሪት ጠቧል» ይላሉ። የአገሩ ሾፌር ሁሉ ይህን አነጋገር ያውቀዋል።

ከእሳቸው ጋር መሥራት ስጀምር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሚኒባስ መንዳት ሰልችቶኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የገረመኝ መኪናውን ሳይነኩ ባለመኪናውን እንደ ነፍስ አባት መጠየቃቸው ነው። ማን ይቀመጥበታል? የት የት ይሄዳል? ምን ይጫንበታል? ባዶ መኪናና ሰው የተቀመጠበት መኪና አቋማቸው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ሰውየው ዘወትር ከሚስቱ ጋር የሚሄድ ከሆነ ሚስቱን ይዞ እንዲመጣና እንድትቀመጥ ያደርጋሉ። ካልተመቻት በእሷ ቦታ የሚቀመጥ የድንች ጆንያ አለ። ድንች እንደሆነ በእኛ አገር አይጠፋም። አንድ ጊዜ አንድ የቢሮ ሰው ጠጋ ብሎ ባለቤቱ ደልደል ያለች መሆኗን በሹክሹክታ ሲነግራቸው፣ ጋሼ ከጎማው ላይ ቀና ሳይሉ ሌላ ጆንያ እንድጨምር በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ረጅምና ከሲታ ነበሩ። ሲለኩ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጉንጫቸውን መሬት አስነክተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሲባጎው አቅጣጫ ያያሉ። ሲነሡ ጉንጫቸው ላይ አፈር ይቀራል፤ እስከ ማታ አይጠርጉትም። መዳፋቸውን ጎማው ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስኬዱና የሄደበትን መንገድ ይነግሩሃል። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከጎማ ጋር በአገውኛ ነበር የሚነጋገሩት። ጎማውን ምን እንደሚሉት ስጠይቃቸው፣ ስድብ ስለሆነ ባይተረጎም ይሻላል አሉኝ።

ናትናኤል የመጣው ጋሼ ዘንድ በገባሁ በሰባተኛው ዓመት ይመስለኛል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ መሬት የሚቀይስ መሐንዲስ ሆኖ እንጅባራ ተመደበ። ሚስቱ ትዕግሥት ዳንግላ አስተማሪ ስለነበረች በየቀኑ ጧት እያደረሰ ማታ ይመልሳታል። መኪናው አሮጌ ነጭ ቶዮታ ናት። ይህ ሰው ደግሞ እሽቅድምድም ይወዳል። ባሕር ዳር አካባቢ ጓደኞቹ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ሜዳ ደልድለው፣ በአሮጌ ጎማ ዙሪያውን አጥረው ይወዳደራሉ። በዚያችው ሚስቱን በሚያመላልስባት መኪና መወዳደር ፈልጎ ጎማዋን ሊያሠራ መጣ። ልኩንም ከስልኩ ላይ አግኝቶ በወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር፤ የፊት ጎማዎቹ ከላይ በጣም ወደ ውስጥ ያዘንብሉ፣ ከፊታቸው ደግሞ ይከፈቱ ይላል።

ጋሼ ወረቀቱን አስነበቡት፤ እስኪጨርስም ሰሙት። ከዚያ ልኩ ትክክል መሆኑን መሰከሩለት። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ኩርባ ላይ መሬቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ከፊቱ ሲከፈትም መሪው ገና ሲነካ ይታዘዛል። ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ያው ጎማ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ የተከፈተውም መኪና ወዲያ ወዲህ ይቅበዘበዛል፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

«ይህን የጻፈው ሰው» አሉት «ውድድሩ ሲያልቅ መኪናውን በሌላ መኪና ጭኖ ነው ቤቱ የሚገባው። አንተ ግን ሚስትህን ጭነህ ዳንግላ ትሄዳለህ።»

ናትናኤል ሁለቱም እንዲሆንለት ለመናቸው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አሉት። እሱም ቀላል ሰው አልነበረም፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል የሚሉ አባቶችም አሉ ብሎ መለሰላቸው። ጋሼ ሳቁ። የአዲስ አበባ ልጅ ተረት መመለሱን ወደዱት መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ የራሳቸው ልጅ ሆነ።

ሁለት ቀን ሙሉ አሰቡበት። በዓመት ስንት ቀን እንደሚወዳደር ጠየቁት፤ ሁለት ቀን አላቸው። የቀረው ቀን ሁሉ የሚስቱ ነው አሉ። ሚስቱን አስመጥተው ከፊት ወንበር አስቀመጧት፤ ቀጭን ሴት ናት፣ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። የጎማው ማዘንበል እንደ ልብ የሚቀያየር ስላልሆነ ከወረቀቱ ሲሶውን ብቻ ሰጡት፤ ለኩርባ ትንሽ የሚረዳ፣ ለመንገዱም ብዙ የማይጎዳ። መከፈትና መጥበቡን ግን መሪውን ከጎማው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ ላይ ሁለት ቦታ በሞረድ ምልክት አደረጉበት፤ አንድ ጭረት የመንገድ፣ ሁለት ጭረት የውድድር። ለውድድር ሲሄድ ብቻውን ይሂድ፤ ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ ወደ እሳቸው ይምጣና ወደ አንድ ጭረት ይመለስ። ይህን አስማሉት። ናትናኤልም ቃሉን ጠበቀ። ባሕር ዳር ሦስተኛ ወጥቶ በመጣ ጊዜ ጋሼ ስንተኛ ወጣህ አላሉትም፤ መዳፋቸውን ጎማው ላይ አስኬዱና «ደግ ነድተሃል» አሉት። ከዋንጫ ይልቅ በዚህ ነበር ደስ ያለው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቼ ዳንግላ ኮምፒውተር ያለው የጎማ ማቃኛ ማሽን ሲገባ ሥራ አገኘሁ። ጋሼ አልከፋቸውም። ሄጄ እንድሠራ መረቁኝና፣ ኮምፒውተሩ ልኩን ይነግርሃል፣ ለማን እንደሆነ ግን አንተ ጠይቅ አሉኝ። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ በሚስቴ ምን አገባህ ይለኛል።

እዚህ ላይ የሚቀጥለውን ለመጻፍ እጄ ይከብዳል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ዳንግላ ከገባሁ ዓመት ሳይሞላ አንድ የማውቀው የሚኒባስ ሾፌር ከእንጅባራ መጣ። ጋሼ ትናንት ሠርተውልኛል፣ እስኪ አንተ ደግሞ እየው አለኝ። ማሽኑ ላይ ባወጣው ሦስት ክብሪት ስቷል። ግማሽ ክብሪት ስተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሾፌሩ ጋሼ ሲለኩ ሲባጎውን በእጃቸው እየዳበሱ እንደሚፈልጉት ነገረኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮታል። አስተካከልሁለት፤ ሲወጣም እሳቸው እንዳይሰሙ አደራ አለኝ። እኔም እሺ አልሁ።

በሳምንቱ ሌላ መጣ። በወሩ አምስት ስድስት ሆኑ። ሁሉም መጀመሪያ ጋሼ ዘንድ ሄደው ያሠራሉ፤ እሳቸውን አልፎ መሄድ ነውር ነዋ። ጆንያውን ጭነው፣ ተጠይቀው፣ ተመርቀው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይወጡና በቀጥታ ወደ ዳንግላ ነድተው እኔ ዘንድ ያሳርማሉ። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምሥጢር ሆነ። ሽማግሌ ሰው ፊት ዓይንዎ ጠፍቷል ብሎ መናገርን ማን ይደፍራል? አዲሱ ይድፈር ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ልጃቸው ትድፈር እላለሁ። እናኑ ከቤት ሆና ምኑንም አታውቅም። ደግ የሠራን መስሎን ነበር። በየመንገዱ ስንገናኝ እንኳ ስለዚህ ነገር የምናወራው እየተዛዘንን ነበር።

የዓይን ሞራ እኮ ይገፈፋል። ባሕር ዳር ሄደው በቀዶ ጥገና አስገፍፈው መጥተው ጋዜጣ የሚያነቡ እኩዮቻቸውን አውቃለሁ። ማንኛችንም አንድ ቃል ብንናገር ኖሮ ዓይናቸውም ሥራቸውም ይተርፍ ነበር። ይህን ያን ጊዜ አላሰብሁትም፤ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም።

ለፋሲካ ልጠይቃቸው ሄድሁ። አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ማሽኑ ሲጠይቁኝ ቆዩ። ከዚያ ድንገት በእሳቸው እጅ ያለፈ መኪና ወደ እኔ መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል፤ ዓይናቸው ግን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው። ኧረ ምን ሲደረግ ጋሼ፣ አንድም አልመጣም አልኋቸው። ተመስገን አሉ። ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ።

ክረምት ሲገባ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ናትናኤል ከውድድር ተመልሶ እንደ ቃሉ ቤቱ ሳይገባ ጋሼ ዘንድ ሄደ። ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው የመሪውን ዘንግ ወደ አንድ ጭረት መለሱለት። እሳቸው የመለሱ መስሏቸዋል። ናትናኤል የመናኸሪያ ሰው አይደለም፤ ከእኛ ጋር ተቀምጦ አያወራም፤ እንግዳ ስለሆነም ማንም አደራ ያለው አልነበረም። ከእንጅባራ ባለመኪና ሁሉ ያን ምሥጢር የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ እኔ አልመጣም። ሦስት ሳምንት በዚያችው መኪና ሚስቱን ዳንግላ አመላለሰ።

አንድ ቀን ጧት፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ መንገዱ ላይ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲህ መኪናዋ ከመንገዱ ወጥታ ተገለበጠች። ናትናኤል ክንዱ ተሰበረ። ትዕግሥት እዚያው ሞተች።

መኪናዋን ጎትተው ያቆሟት ከእኛ ጋራዥ አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ ነው። ማንም አልላከኝም፤ ራሴ ሄጄ አየሁ። ከውጭ ሲታዩ የፊት ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ውስጠኛውን ጠርዝ ሳይ ላስቲኩ አልቆ ሽቦው ወጥቷል። ከዚያ ዘንጉን አየሁ። ወደ አንድ ጭረት አልተመለሰም፤ ሁለተኛውን ጭረት አልፎ የበለጠ ተከፍቷል። ጋሼ ቁልፉን በተቃራኒው አዙረውታል። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ያን ቀን ነው የደነዘዝሁት።

ትራፊኮቹ ከልክ በላይ ፍጥነት ብለው ጻፉ። ተወዳዳሪ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃልና ማንም አልተጠራጠረም። ናትናኤል መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው ይል ነበር። ለቅሶ ልደርሰው በሄድሁ ጊዜ ግን እንዲያ ማለቱን ትቷል። ምናልባት ፈጥኜ ይሆናል፣ እጄ ለምዶ ይሆናል አለኝ። አይዞህ አልሁት። ከአይዞህ ሌላ ምንም አላልሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ቢምረው ብቻቸውን በሚኒባስ ተሳፍረው ዳንግላ መጡ። ከመናኸሪያ እስከ ጋራዡ ባጃጅ ይዘዋል። ባለባጃጁ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ወንበር ሳቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«መኪናዋን አይተሃታል አሉኝ። ንገረኝ፤ የእኔ እጅ ነው ወይ?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው እያዩን ነበር። ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል፤ ጢማቸው ተንጨባሯል። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ነው ብላቸው እዚያው የሚወድቁ መሰለኝ። እሳቸውን ከምጥል ናትናኤልን ብጥል ቀለለኝ፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«አይደለም ጋሼ» አልኋቸው። «ፍጥነት ነው። እርስዎ የሠሩት ደህና ነበር።»

ሁለቱን እጆቼን ይዘው ግንባራቸውን አስነኳቸው። አንዲት ነፍስ ከትከሻዬ ላይ አወረድህልኝ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ አሉኝ። ከዚያ እንጅባራ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሾፌሮቹም በእሳቸው እያሠሩ በእኔ ማሳረማቸውን ቀጠሉ። ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ። ጥር ላይ ደረታቸውን ያማቸው ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጡም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ናትናኤል አንሥተው፣ ያ ልጅ ምነው እንዲያ ፈጠነ እያሉ አዘኑለት።

ቀብራቸው ላይ ደረስሁ፤ እዚያም አላለቀስሁም። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ናትናኤል ገባ። እናኑን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ነክቶ አጽናናትና ባዶ ቦታ ፈልጎ ከጎኔ ተቀመጠ። ከስቷል። የተሰበረው ክንዱ ድኗል፤ ግን አጥፎ ነው የሚይዘው።

በለቅሶ ቤት ደንብ ሟቹ እየተነሡ ይወደሳሉ። አንዱ ስለ ድንቹ ጆንያ አወራ፤ ሰዉ ፈገግ አለ። አንዱ እጃቸው ሚዛን ነበር አለ። ያ መጀመሪያ መኪናውን ይዞልኝ የመጣው የሚኒባስ ሾፌር ደግሞ፣ ጋሼ ያቃኑትን ጎማ ከእሳቸው በኋላ የነካ ሰው የለም አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ናትናኤል ወደ እኔ ዞር አለ።

«አዲሱ» አለኝ በዝግታ፤ «መኪናዋን አይተሃታል። እኔ ሌሊት ሌሊት ያን መንገድ እንደ ገና እነዳዋለሁ። ፍጥነቱ ስንት እንደነበር ግን ማስታወስ አልቻልኩም። እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኳት?»

ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ምን እንደመለስሁም አውቃለሁ። ጋሼ ሞተዋል፤ አሁን እውነቱን ብናገር አይወድቁም። ይህ ሰው ግን ዓመት ሊሞላው ነው በቁሙ ሲወድቅ።

«አይደለህም» አልሁት። ዘንጉ በተቃራኒው እንደዞረ፣ ጎማው ውስጥ ውስጡን እስከ ሽቦው እንዳለቀ፣ ከውጭ ሊያየው እንደማይችል ነገርሁት። የጋሼን ዓይን ነገርሁት። አንድም ነገር አልተውሁም። መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝ።

«ዓይናቸው እንደጠፋ ማን ያውቅ ነበር?»

ድንኳኑን ዞር ብዬ አየሁት። «እዚህ ያለው ሾፌር ሁሉ።»

«ታዲያ እንዴት አልተገለበጣችሁም?»

«እኔ ዘንድ እየመጡ ያሳርሙ ነበር።»

ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ። እናኑ ጎረቤቶቿ መሐል ተቀምጣ እያነባች ነው። ከዚያ ጋሼስ ያውቁ ነበር ወይ አለኝ። እንደማያውቁ ነገርሁት። መጥተው ጠይቀውኝ እንደነበር፣ እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ነው ብዬ እንደ ዋሸኋቸው ነገርሁት። ሲሰማ ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አላየሁም።

«ጠይቀው ነበር» አለ ለራሱ። «እሳቸውስ እውነቱን ፈልገው ጠይቀዋል።»

ተነሥቶ እናኑ ፊት ሄደና ቆመ። ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ጮኾ አለቀሰ። በሥጋ የማይወለዱትን ሰው እንደ አባቱ አለቀሰላቸው፤ ከመካከልም የሚስቱን ስም ጠራ። ሴቶቹ ይዘው አስቀምጠው አረጋጉት። ሲበቃው ፊቱን ጠርጎ ለመሄድ ተነሣና፣ በደንቡ፣ በእኛ ወንበር ያለነውን አንድ በአንድ መጨበጥ ጀመረ። የሚኒባሱን ሾፌር ጨበጠው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ጨበጠው። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልፎኝ ከእኔ ወዲያ ያለውን ሽማግሌ ጨበጠና ወጣ።

ሰዉ ሁሉ አየ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው እጅ ዘርግቶ አይመለስም፤ ደመኛም ቢሆን ይጨበጣል። የሚኒባሱ ሾፌር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ምን አድርገኸው ነው አለኝ፤ እንዳይሰማ አፉን በጋቢው ሸፍኖ።

እኔ አልሸፈንሁም። ያን ነጭ ቶዮታ ጎንበስ ብዬ ካየሁበት ቀን ጀምሬ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ለድንኳኑ ሁሉ ነገርሁ። አንዱ ዝም በል አለኝ፤ ሌላው እጄን ሳበኝ። እናኑ ቀና ብላ ትሰማኝ ነበር፤ ቢሆንም አላቆምሁም።